የውርጭ በር ዛፎች ምረቃ

«ሳምንታዊ ሪፖርትዎን ያቅርቡ» አልሽኝ። አቀርባለሁ፤ ማን ከልክሎኝ! ግን እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ቁልፍሽን መጫን አልችልም። በአፌ እነግርሻለሁ፤ አንቺ እንደ ፍጥርጥርሽ መዝግቢው።

ቀን፦ ሰኔ ሦስት ቀን ሁለት ሺህ ሰባ አራት። ሰዓት፦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ስም፦ ያብስራ ደምሰው። ዕድሜ፦ ስልሳ ስምንት። ሥራ፦ የውርጭ በር ቀበሌ ብርድ ቤት ጠባቂና ሪፖርት አቅራቢ። ብርድ ቤቱ ከትናንት በስቲያ ተነቅሎ ሄዷል፤ ጠባቂውን ግን የሚነቅለው አልተገኘም። አንቺም ሪፖርት ተቀባይ ማሽን ተብለሽ ከቤቴ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለሽ ቀረሽ። ዛሬ አውርጄ ጓሮ፣ ከዛፉ ሥር አስቀምጬሻለሁ። ሁለታችንም የተረሳን ዕቃዎች ነን፤ ብንጫወት ምን ይለናል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። እስከ ዛሬ የነገርኩሽ ውሸት ሁሉ ለአንዲት ሴት ሲባል የተዋሸ ነው። ባለቤቴ ናት፤ ሶልያና ትባላለች። ልቧ ሙቀት አይችልም። እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ዛሬም ቢጠቅማት እዋሽ ነበር፤ ግን ውሸቴ አልቋል።

ውርጭ በር ብለው ስም ያወጡልን አያቶቻችን ቀልደኞች አልነበሩም። በእነሱ ጊዜ ኅዳር ላይ ሜዳው ነጭ ሆኖ ያነጋ ነበር አሉ። ሰው ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ተከናንቦ፣ እሳት ዳር ተኮራምቶ «ኧረ ይኼ ብርድ ፈጀን!» እያለ ፈጣሪን ያማርር ነበር። ፈጣሪም ሰማቸው መሰለኝ። አሁን መንዝ ላይ ሙዝ እናመርታለን። መንዝ ላይ ሙዝ! አያቴ ከመቃብሩ ቢነሳ አገር የተሳሳተ መስሎት ተመልሶ ይተኛ ነበር። አጎበር ሳንዘረጋ አንተኛም። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ደጅ የሚታይ ሰው ካለ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ከወረዳ የመጣ ነው። ሰላምታችን እንኳ ተቀይሯል። «እንዴት አደርክ?» የሚል የለም፤ «በረደልህ?» ነው የምንባባለው። መልሱ «ኧረ የታባቱ!» ነው።

እንዲህ ባለ አገር ፖም ይዘን ቀረን። ፖም ኩሩ ዛፍ ነው። ማንጎ የትም ቢጥሉት ይበቅላል፤ ፖም ግን ብርድ ካልነካው አይተኛም፣ ካልተኛ አያብብም፣ ካላበበ አያፈራም። በአባቴ ጊዜ ብርዱ ትንሽ ይጎድለው ነበር እንጂ ነበር። የጎደለውን ደግሞ በእጃችን እንሞላው ነበር። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሰፈሩ በወንፈል ይወጣል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እየተባባልን የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ እንለቅመዋለን። ዛፉ ራቁቱን ሲቀር «ቅጠሌ ካለቀ ብርዱ መጥቶ ሄዷል ማለት ነው» ይልና ያብባል። ዛፍ ማታለልን ከአባቶቻችን ወረስን። ጽሕፈት ቤት ማታለልን ግን ያስተማረን የለም፤ በራሳችን ጥረት ነው የደረስንበት።

እየቆየ ማታለሉም አልሠራ አለ። ቅጠሉን ብንለቅመው በሳምንቱ ሌላ ቅጠል ያወጣል፤ አበባ የሚባል የለም። ያኔ ነው የብርድ አቅርቦት ጽሕፈት ቤት የደረሰልን። የዛሬ ስምንት ዓመት በትልቅ መኪና ብርድ ቤት መጣልን፤ ግድግዳው ክንድ የሚያህል፣ ውስጡ ስድስት ዲግሪ፣ ሃያ አራት ቦታ ያለው። አሮጌዎቹን ፖሞች ቆርጠን፣ ከእነሱ ያዳቀልናቸውን ችግኞች በግማሽ በርሜል ተከልን። ቁጥር አሥራ ሰባትን ሶልያና በእጇ ተከለችው። በርሜሎቹን በጋሪ እየገፋን እናስገባለን፤ የእንቅልፍ ሰዓታቸውን ሲጨርሱ እናወጣለን። በዓመት ሁለት ዙር ይተኛሉ። በየግንዱ ላይ ሙቀቱን እየለካ ለአንቺ የሚነግር መታወቂያ ተንጠልጥሏል። የእኔ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ አራት ዓመቱ ነው፤ የዛፎቹ በየዙሩ ይታደሳል። በሩ ላይ በትልቁ «ከዛፍ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። እኔ እንኳ በርሜል ሳስገባ አንድ እግሬን ውጭ ትቼ ነበር የምሠራው። ሕግ አክባሪ ነበርኩ።

ሶልያና የታመመችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ጎበዝ ልጅ ነው። ደረቷን አዳመጠና «እማማ፣ ልብዎ ደክሟል። የእርስዎ መድኃኒት ብርድ ነው። ቀን ቀን ቀዝቃዛ ቦታ ይዋሉ» ብሎ በወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱን ይዘን መድኃኒት ቤት ብንሄድ ብርድ የለም። ለጽሕፈት ቤቱ አመለከትኩ። ባለቤቴ ቀን ቀን ከዛፎቹ ጥግ ትቀመጥ አልኩ፤ ቦታ አታጣብብም፣ ቅጠል አትነካም አልኩ። በሁለት ወሩ መልስ መጣ፦ «ያቀረቡት ጥያቄ ሰውን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ለሚመለከተው አካል ተመርቷል።» የሚመለከተው አካል እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

አንድ ቀን ሙዝ ልትቆርጥ ጓሮ እንደወጣች በእኩለ ቀን ወደቀች። ሳነሳት ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በዚያ ፀሐይ አንድ ሰዓት! የብርድ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያ ስድስት ዲግሪ ላይ ተንደላቆ የተኛው ማነው? ዛፍ። እዚህ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ላይ የምትሞተው ማናት? ሚስቴ። ወይኔ ያብስራ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ሕግ ያከበርኩት ለዚህ ኖሯል! አልኩና በሩን ከፈትኩት።

ቁጥር አሥራ ሰባትን፣ የራሳችንን በርሜል፣ ገፍቼ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። በቦታው በርጩማ አድርጌ ሶልያናን አስቀመጥኳት። የእናቴን ባና ከሳጥን አውጥቼ ጠቀለልኳት። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ከአፏ ጭስ ወጣ፤ የገዛ ትንፋሿን አየችው።

«ውይ» አለች። «ኅዳር መጣ እንዴ?»

አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። ስድስት ዲግሪ ለመንዝ ሴት ምንድነው! ሰዓት ሳይሞላ ጉንጯ ቀላ፣ መቆጣትም ጀመረች።

«ዛፌስ?»

«ውጭ ነው።»

«አንተ ሰውዬ! የኔን ዛፍ ፀሐይ ላይ አስጥተህ እኔን እዚህ ትጎልተኛለህ? እሱ እንኳ ሠላሳ ፍሬ ይሰጥህ ነበር። እኔ ምን ልሰጥህ ነው?»

«ጭቅጭቅ» አልኳት።

ሳቀች። ያን ዓመት ሙሉ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ አንቺ ነሽ የቀረሽኝ። የቁጥር አሥራ ሰባትን መታወቂያ ከግንዱ ፈትቼ ክንዷ ላይ ሳስረው ጮኽሽ፦ «ቁጥር አሥራ ሰባት ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ደርሷል!» ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የሚሞቅ ዛፍ አይተሽ ስለማታውቂ አልፈረድኩብሽም። መታወቂያውን ከባናው ውጭ አንጠለጠልኩት፤ ጸጥ አልሽ። በማግስቱ «የቁጥር አሥራ ሰባት ሁኔታ?» ስትይኝ «በሰላም ተኝቷል» አልኩሽ። ሶልያና ግን የት ተኝታ! አጠገቧ ያለውን የጎረቤት ዛፍ «አንተ ደግሞ አትናገር አትጋገር፣ ምን ዓይነት ጎረቤት ነህ?» እያለች ስትነዘንዘው ትውል ነበር።

እኛ ሰፈር ምስጢር ሦስት ቀን አይቆይም። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ ጋሽ ኪሩቤል ከአጥር ማዶ ተጣራ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሦስተኛውን ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

«ያብስራ፣ በረደልህ?»

«ኧረ የታባቱ!»

«የኔ ዛፍ እኮ አስም ይዞታል።»

«አስም?»

«አፍኖ ሊገድለው ነው። በተለይ ቀን ቀን።»

ተያየን። «ነገ በጠዋት አምጣው» አልኩት። በማግስቱ በርሜሉን በጋሪ አስወጣና እሱ ራሱ ባናውን ተከናንቦ ገባ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ኤልዳና መጣች፤ የእሷ ዛፍ ደም ግፊት አለበት። እሷ ቦታ እንዳገኘች የምራቷን ነገር አነሳች፤ የምራቷ ዛፍ እርጉዝ ናት። ይኼኛው ዛፍ እንኳ ፍሬ መያዙ እውነት ነበር። ሌላው እግሩ ያበጠ ዛፍ ይዞ መጣ፣ ሌላዋ ስኳር ያለበት። ዓመት ሳይሞላ ሃያ አራቱም ዛፎች ወጡ፣ ሃያ አራት ሰው ገባ።

ሥርዓት አበጀን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዛፎቹ ባናቸውን ተሸክመው፣ መታወቂያቸውን አንጠልጥለው ይሰለፋሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠራለሁ። «ቁጥር ዘጠኝ!» «አቤት!» «ቁጥር አሥር!» «እግሬን አሞኝ ነው፣ መጣሁ!» ቀኑን ሙሉ በየበርጩማቸው ተደርድረው ገበጣ ይጫወታሉ፣ ይፈትላሉ፣ የሌለ ሰው ያማሉ። ኪሩቤል አፍንጫው ቀልቶ «ኧረ ይኼ ብርድ ፈጀን!» ይላል። ሁሉም በሳቅ ይፈነዳሉ፤ ድገመው ይሉታል። እንደዚያ ብሎ ማማረር ናፍቋቸው ኖሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ሃያ አራት ሰዎች አንድም አልሞተብኝም። ይኼን ሪፖርት አድርጌልሽ አላውቅም፤ ዛፍ አልሞተም ማለት ለጽሕፈት ቤቱ ዜና አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ አንቺ የምትወጂው እሱን ነው። በመጀመሪያው ዙር ፈራሁና ምርቱ ከዕቅዱ ስልሳ በመቶ ነው አልኩሽ። ምን አልሽኝ? «የገባው ቁጥር ካለፈው ዙር ያነሰ ነው። እባክዎ አስተካክለው ያስገቡ።» ያለፈው መቶ ነበር። አስተካከልኩ፤ መቶ ሁለት አልኩ። «እናመሰግናለን!» አልሽ፣ ያቺን የደወል ድምፅሽን አሰማሽ። በቀጣዩ ዙር መቶ ሁለት ስል ዕድገት አላሳየም ብለሽ አኮረፍሽ። መቶ አምስት አልኩ። እንዲህ እየተባባልን መቶ አሥራ ሁለት ደረስን። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

አንዴ ናሙና ላኩ ተባልን። የኪሩቤል ልጅ ደብረ ብርሃን ወርዶ ከውጭ የገባ ፖም ገዛልን፤ የተለጠፈበትን ወረቀት ስንልጥ አመሸን። ለካ አንዱ ላይ ረስተን የማናውቀው ፊደል ያለበት ወረቀት ቀርቶ ኖሯል። አለቀልን ብዬ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላልኝ አለ። ጽሕፈት ቤቱ «በምርት ማሸግ ረገድ የታየው መሻሻል የሚበረታታ ነው» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን።

አንዴ ግን እውነት ነግሬሻለሁ። የኤልዳና ምራት ምጧ ብርድ ቤት ውስጥ መጣ። ሶልያና አዋለደቻት፤ ወንድ ልጅ፣ በባና ተጠቅልሎ፣ ብርዱ እንደ ቃሪያ ለብልቦት እየጮኸ። የዚያን ሳምንት «አንድ ፍሬ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል» አልኩሽ። አንቺም «የፍሬ አማካይ ክብደት ከፍተኛ ዕድገት አሳይቷል» ብለሽ ደወልሽን ሁለት ጊዜ አሰማሽ። ሶልያና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ግን ባናዋን ሰብሰብ አድርጋ «ያብስራ፣ አታብዛው» አለችኝ። «ይኼ ነገር ሲመቸን ነው የሚያስፈራኝ።»

አልሰማኋትም። መቼ ሰምቻት አውቃለሁ!

ባለፈው ሚያዝያ ጠየቅሽኝ፦ «የብርድ ቤቱ የኃይል ፍጆታ በግማሽ ቀንሷል። ምክንያቱን ይግለጹ።» ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛፎቹ ማታ ወደቤታቸው ይሄዳሉ፣ እኔም ከዘንድሮ ወዲህ ባዶ ቤት ለምን ይቀዝቅዝ ብዬ ማታ ማታ ማሽኑን አጠፋዋለሁ። ቆጥቤ ሞቻለሁ! ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ብል ያልፍ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር ብል ማን ይጠራጠራል? እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ተመስግኜ ጠግቤ ነበር። ደረቴን ነፍቼ «ዛፎቻችን በግማሽ ብርድ ይበቃቸዋል። ሙቀቱን ለምደውታል» አልኩሽ። ያን ቀን ደወልሽ አላቆመም።

ለሶልያና እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«በግማሽ የበቃውን በሩብ አይበቃውም ወይ አይሉህም?» አለችኝ። «ከዚያስ ጨርሶ ቢቀርበት?»

በአሥራ አምስት ቀኑ ደብዳቤው መጣ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! የውርጭ በር ቀበሌ ዛፎች ከብርድ ድጋፍ ተመርቀዋል።»

ምረቃው ከትናንት በስቲያ ተካሄደ። የጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪ አቶ ዳግማዊ ከነጓዙ መጣ፤ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ድንኳን ተተከለ፤ ድንኳኑ ለእንግዶች ነው፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን። «ሙቀትን ለምደናል!» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ታደለን። ለዛፎቹ ነበር የታሰበው ይሆናል፤ ከሶልያና በቀር ሃያ ሦስቱም ዛፎች አደረጉት። አቶ ዳግማዊ ንግግር አደረገ። «የውርጭ በር ዛፎች ለአገር ተምሳሌት ናቸው!» አለ። «አያማርሩም! ብርድ ስጡን አይሉም! በራሳቸው ቆመዋል!» ኤልዳና በራሷ መቆም አቅቷት መሬት ቁጭ ብላለች። ሽማግሌዎቹ ግን አጨበጨቡ፤ ማጨብጨብ የለመደ እጅ ምን ያድርግ።

ሶልያና የለችም፤ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ብርድ ቤት ትቀመጥ ብዬ ከውስጥ ትቻታለሁ። ንግግሩ ሲያልቅ አቶ ዳግማዊን ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድኩት።

«አቶ ዳግማዊ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ።»

«ይበሉ ጋሼ።»

«ዛፍ የለም። ሃያ አራቱም ሰው ነው። ሪፖርቱ ከእኔ አፍ የወጣ ውሸት ነው። ካስፈለገ እሰሩኝ። ብርድ ቤቱን ግን ተዉልን።»

ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ። ላቡን በክርኑ ጠረገ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ጋሼ፣ በግማሽ ብርድ መቶ አሥራ ሁለት በመቶ የሚያፈራ ዛፍ የት አገር አለ? ግብርና እኮ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ አውቀህ ነው የምትነቅለው?»

«እርስዎ መቶ አሥራ ሁለት አሉ። እኔ ወረዳ ላይ መቶ አሥራ ስምንት አደረግኩት። ዞን መቶ ሠላሳ አሉት። ከዚያ በላይ ስንት እንደደረሰ አላውቅም። አሁን ይኼን ቁጥር ማን ያውርደው? ሲወርድ በየደረጃው ያለነውን ሁሉ እየለቀመ ነው የሚወርደው። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ሚስቴ ትሞታለች» አልኩት። እንዲሁ፣ በቁሙ ነገርኩት።

«ማመልከቻ...» ብሎ ጀመረና ራሱ አፍሮ ተወው።

«ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«ከታች ወዳለው ቀበሌ። እነሱ በሪፖርታቸው አርባ ሁለት በመቶ ነው ያሉት።»

እውነቱን ተናግረዋላ! አራት ዓመት ሙሉ በእነዚያ ሰዎች ስንስቅ ኖረናል። ሪፖርት መጻፍ እንኳ የማይችሉ ሞኞች እንላቸው ነበር። ሄጄ ሚስቴን አስገቡልኝ እንዳልል፣ የእነሱ ዛፎች በእርግጥ ዛፎች ናቸው፤ ቦታው ሞልቷል።

አቶ ዳግማዊ የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ሰጠኝ። «ለእማማ» አለ። ውሃው ለብ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ተቀበልኩት፣ ልጁ ክፉ አይደለም። ከዚያ ተመልሶ የምስክር ወረቀት ማደል ጀመረ። ለሃያ አራቱም ዛፎች በየቁጥራቸው።

መኪናው ሲጠጋ ሶልያና ማንም ሳይጠራት ወጣች። ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በእግሯ፣ ቀጥ ብላ። ሠራተኞቹ ግድግዳውን ሲፈታቱ ቆማ አየች። በሩን ሲጭኑት «ከዛፍ በስተቀር» የሚለው ሰሌዳ ተገንጥሎ ወደቀ። ኪሩቤል አነሳውና «እቤቴ በር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ቢያንስ ሞት እንዳይገባ» አለ። ማንም አልሳቀም። ሶልያና ወደኔ ዞረች።

«እስኪ ያ ዛፌ የት ነው?»

እዚሁ ጓሮ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ጥየው። ሥሩ የበርሜሉን ታች በስቶ መሬት ገብቷል። ብርድ አላገኘ፣ አልተኛ፣ አንዲት አበባ አላወጣ። ስላልተኛ ደግሞ ቅጠሉ ረግፎ አያውቅም፤ በጋ ክረምት እንደ ጎመን ማሳ ያፈጠጠ ቅጠል ብቻ ነው። ሶልያና ግንዱን ዳበሰችው። እኔ የጸጸቴን ላካክስ ብዬ፣ ቅጠሉን ለቅሜ እንደ ድሮው ላስተኛው አልኩና እጄን ሰደድኩ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለችኝ። «ጥላውን ለኔ ነው ያቆየው።» ባናዋን ከሥሩ አነጠፈችና ተጋደመች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እዚህ ናት። ትናንት ቀኑን አለፍነው። ዛሬ ጠዋት «የኤልዳና ምራት ልጅ በረደለት?» ብላ ስለ ሕፃኑ ጠየቀችኝ። ከአምስት ሰዓት ወዲህ ግን አልተናገረችም። እኔ የምስክር ወረቀቷን ይዣለሁ። «ለቁጥር ፲፯፣ ሙቀትን በመቋቋም ላሳዩት የላቀ አፈጻጸም» ይላል፤ ጠርዙ ወርቃማ ነው። ወፍራም ነው፣ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ሲያራግቡበት አይታጠፍም። ጽሕፈት ቤቱ ከሰጠን ነገር ሁሉ እንዲህ ያገለገለ የለም። እጄ የተያዘው በዚህ ነው። በየሰዓቱ ኪሩቤል እየመጣ ይቀይረኛል፤ እኔ ደግሞ ሄጄ እሱን አራግባለሁ። ኤልዳናን ምራቷ ታራግባታለች። ወንፈሉ ተመልሷል በይ። ዝናቡ ሰኔ አሥራ አምስት ይጥላል ብለዋል፤ የዱሮ ሰዎች ዝናብ ሙቀቱን ይሰብረዋል ይሉ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ምን አልሽ? ክንውን በመቶኛ?

እሺ። ዕቅድ፦ ሶልያና የምትባል አንዲት ሴት እስከ አመሻሽ በሕይወት ማድረስ። ክንውን፦ ቆይ፣ ልያት። ደረቷ ይነሳል። ይወርዳል። ይነሳል። አንድ ከአንድ። መቶ በመቶ ብለሽ ጻፊ።

«የገባው ቁጥር ካለፈው ዙር ያነሰ ነው። እባክዎ አስተካክለው ያስገቡ።»

አላስተካክልም። ቆይ፣ እጅ ልቀይር።